ቀለምና ባለቤቱ፦ ከጣና ገዳማት እስከ ወረታ ባጃጅ

የኢትዮጵያ ሥዕል ታሪክ ሲነገር ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ተጀምሮ በአዲስ አበባው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት መጨረስ የተለመደ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ሰፊ ዓለም፣ ማለትም የመኖሪያ ቤቱ ልስን፣ ጎታው፣ መደቡ፣ የሙሽራዋ ሳጥን፣ የሱቁ በር፣ የሾፌሩ መኪና እንደ ሥዕል ሳይቆጠር ኖሯል። ተራው ሰው ግን ማንነቱን በቀለም የገለጠው በእነዚህ ላይ ነው። ይህ ቅኝት ያን ታሪክ ከጥንት እስከ ዛሬ በዋና ዋና ዘመናቱ ይከታተላል። የሚመራውም አንድ ጥያቄ ነው፤ በየዘመኑ ምልክቱንና ስሙን በቀለም ለማኖር የቻለው ማን ነበር?

መነሻችን የፎገራ ሜዳ ነው። ከወረታ አጠገብ በቁሐር ሚካኤል ቆሞ ዙሪያውን ለሚቃኝ ሰው ታሪኩ ቅርብ ነው። በስተ ምዕራብ ጣናና ገዳማቱ አሉ። በስተ ሰሜን በእንፍራዝ የአፄ ሠርፀ ድንግል የጉዛራ ግንብ፣ ከዚያም አልፎ ጎንደር ይገኛል። በስተ ምሥራቅ ደግሞ ደብረ ታቦርን አልፎ ወልድያ የሚደርሰው መንገድ ይወጣል። ሠዓሊውም ቀለሙም ሲመላለስ የኖረው በእነዚህ አቅጣጫዎች ነው።

የመጀመሪያው ዘመን ባለቤቱ በስም አይታወቅም። በድሬዳዋ አካባቢ ለገ ኦዳን በመሳሰሉ የድንጋይ ጥላዎች ሥር ጥንታውያን አርብቶ አደሮች ሰዎችንና ከብቶችን ሥለው ትተዋል። በእነዚህ ሥዕሎች ሰውየው ብዙ ጊዜ በቀጭን መስመር ይታለፋል፤ ከብቱ ግን ቀንዱና ጡቱ ጎልቶ በጥንቃቄ ይሣላል። የፎገራ ገበሬ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። በጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር መልኩ የታወቀው የፎገራ ከብት ባለበት አገር ላምም በሬም የሚጠራው በመልኩ ነው፤ ቡሬ፣ ዳልቻ፣ ቦራ እየተባለ። የከብቱ መልክ የቤተሰቡ መታወቂያ በሆነበት ኑሮ ከብቱን መሣል ራስን መሣል ነበር ብል ከእውነት የምርቅ አይመስለኝም።

በመካከለኛው ዘመን ሥዕል ወደ ቤተ መቅደስ ገባ፤ በዚያም ስም ያለው ባለቤት አገኘ። በላስታ በገነተ ማርያም፣ በ13ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ አፄ ይኩኖ አምላክ ከቅዱሳኑ ጋር በግድግዳ ላይ ተሥሎ ስሙ ተጽፎለታል። በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468፣ የእመቤታችን ሥዕል ክብር ከፍ ሲል በእንጨት ገበታ ላይ የሚሣለው ሥዕለ አድኅኖ ተስፋፋ። ሥዕል ከሕንፃው ተለይቶ በእጅ የሚያዝ፣ ከቦታ ቦታ የሚሄድ ዕቃ መሆኑ የመጀመሪያው ትልቅ ለውጥ ነው። በጣና ላይ በዳጋ እስጢፋኖስ ያለው ሰፊ ገበታ የሠዓሊውን የፍሬ ጽዮንን ስም ይዞ እስከ ዘመናችን ደርሷል። ሠዓልያን ስማቸውን እምብዛም በማያኖሩበት ዘመን ይህ ብርቅ ነገር ነው።

ከዚያ የጎንደር ዘመን መጣ። አፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 ከተማዋን ከመሠረቱ በኋላ ሊቃውንቱ ዛሬ የመጀመሪያውና የሁለተኛው የጎንደር ስልት ብለው የሚለዩአቸው ሁለት የአሣሣል ስልቶች ተከታትለው በቅለዋል። ግድግዳው በጭቃ ተለስኖ ሸማ ይለጠፍበታል፤ ሥዕሉም በሸማው ላይ ይሣላል። ጻድቃን ሁለት ዓይናቸው እየታየ ፊት ለፊት፣ ኃጥአን በአንድ ዓይን በጎናቸው ይሣላሉ። የስልቶቹን ዝርዝር ለባለሙያዎቹ ትቼ ለጉዳያችን ዋና የሆነውን ላንሣ፤ እርሱም ከሥዕሉ ግርጌ ያለው ሰው ነው። በደቅ ደሴት በናርጋ ሥላሴ እቴጌ ምንትዋብ በእመቤታችን እግር ሥር በግንባራቸው ተደፍተው ተሥለዋል። እንዲህ ያለው ሥዕል በየገዳማቱና በየብራናው ብዙ ነው። ያሠራው ባለጸጋ ወይም ባለ ርስት ከነልብሱ፣ አንዳንዴም ከነሚስቱ፣ «ተማኅፀነ» ከሚል ቃልና ከስሙ ጋር በታችኛው ጥግ ይቀመጣል። ቅድስናው የላይኞቹ ነው፤ ከግርጌ ያለው ግን የአንድ የታወቀ ሰው መልክ ነው፤ ልብሱ፣ ማዕረጉና ስሙ ሁሉ የራሱ ነው።

በዚሁ አገር ከግድግዳው ሥዕል ይልቅ ለአንድ ሰው የቀረበ ሌላ ነገር ነበረ፤ ጠልሰም ያለበት ክታብ። ደብተራው ብራናውን ሲቆርጥና ሲሰፋ ርዝመቱ ከባለቤቱ ቁመት ጋር እኩል እንዲሆን ያደርገዋል፤ ጥበቃው ከራስ እስከ እግር እንዲደርስ። በጸሎቱ መካከል ትላልቅ ዓይኖች፣ ፊቶች፣ ባለ ስምንት ጫፍ ኮከቦች ይሣላሉ። የባለቤቱ የክርስትና ስም በቀይ ቀለም ይገባበታል። ከእነዚህ ጥቅልሎች ብዙዎቹ የሴቶች ናቸው፤ በሽታን፣ ሾተላይን፣ ክፉ ዓይንን እንዲከላከል የታዘዘ የግል ዕቃ ነበርና። ክታቡ ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ የፊተኛው ስም ይፋቅና የአዲሱ ባለቤት ስም ይጻፍበታል። በሙዚየም የተቀመጡ አንዳንድ ብራናዎች ይህ የተፋቀ ስፍራ ዛሬም ይታይባቸዋል። በቁመት ልክ የተሠራ፣ ስም የተጻፈበት፣ በአንገት ወይም በግድግዳ የሚንጠለጠል ሥዕል! በኢትዮጵያ ታሪክ ከአንድ ግለሰብ ጋር ይህን ያህል የተቆራኘ ሌላ የተሣለ ዕቃ አላውቅም።

ከጥንቶቹ አርብቶ አደሮች ወዲህ ያየናቸውን ባለቤቶች ስናጠቃልል ንጉሡን፣ ባለጸጋውንና ክታብ ያሠሩትን እናገኛለን። ሁሉም ለሚሥልላቸው ሰው የሚከፍሉ ናቸው። ከፋይ ሳትሆን በገዛ እጇ የሠራች አንዲት ባለቤት ግን ትቀረናለች። እርሷም የቤቱ እመቤት ናት፤ ይህ ቅኝትም ከሁሉ ይልቅ በእርሷ ዘንድ መቆየት ይፈልጋል።

በሰሜኑ ገጠር ቤቱን የሚያቆመው ወንዱ፣ መልክ የምትሰጠው ሴቲቱ ናት። ወንዶቹ ግድግዳውን ማገር አስረው፣ ጭቃውን ከጭድ ጋር በእግራቸው ረግጠው፣ ለቀናት አቡክተው ይመርጋሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የእመቤቲቱ ነው። የተነፋ አፈር ከእበትና ከአመድ ጋር ለውሳ በመዳፏ ትለስናለች። መደቡን ታስተካክላለች፤ የምድጃውን ዙሪያ ታበጃለች፤ ጎታውን ራሷ ከጭቃ እየቆለለች አቁማ በላዩ ላይ ጉብጉብ ያለ ጌጥ ታወጣበታለች። ልስኑ ሳይደርቅ ጣቶቿ የሄዱበት መስመር በቅስት በቅስት ይቀራል። የፎገራ አፈር ጥቁር ዋልካ ነው፤ ስለዚህ ቀይ ወይም ነጭ አፈር የፈለገች ሴት ከሜዳው ወጣ ብላ በዳገቱ በኩል ትፈልጋለች። ጊዜውም የታወቀ ነው፤ ክረምቱ ሲወጣ ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል፣ በጥር ለሠርግ፣ ከሁዳዴ መጨረሻ ለፋሲካ። ዝናብና ጭስ በየዓመቱ ያደበዝዙታል፤ እርሷም በየዓመቱ ታድሰዋለች። ለዚህ ነው ይህ ጥበብ ቅርስ ሆኖ በመዝገብ ያልገባው። የመቶ ዓመት ዕድሜ ያለው የቤት ልስን የለም፤ ልስን ማድረጉ ግን ከመቶ ዓመት በላይ የኖረ ልማድ ነው።

በዚያው ቤት ልጆቹም ይሣሉ ነበር። በእንቁጣጣሽ ጠዋት ወንዶች ልጆች ፀሐይ፣ አበባና መልአክ በወረቀት ላይ ሥለው ለጎረቤት ያድላሉ፤ ሳንቲምና ምርቃት ይቀበላሉ። ብዙ ታላላቅ ሠዓሊዎቻችን ሥራቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ «የሸጡት» በዚህ ቀን ነው ብሎ ማሰብ አያስቸግርም።

የእመቤቲቱ ጥበብ የሰሜኑ ብቻ አይደለም። በሐረር ጀጎል ውስጥ በሐረሪዎች ቤት መቀመጫ መደቦቹ በቀይ አፈር ይቀባሉ፤ ቀይነቱም በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት ለወደቁት መታሰቢያ ነው ተብሎ በከተማዋ ይነገራል። ግድግዳው በስፌት ሥራ ይሞላል፤ የቤተሰቡ ማዕረግና የሴቲቱ እጅ ከአቀማመጡ ይታወቃል። በሀላባ ደግሞ ጥበቡ ወደ ውጭ ይወጣል። ክብ የሣር ቤቶቹ በአንበሳ፣ በሰው፣ በዛፍና በአበባ ሥዕል አጊጠው ከመንገድ ይታያሉ። በአርሲ ዳርቻዎች መቃብር ሳይቀር ይሣላል፤ የሟቹ ፈረስ፣ ጦሩና ከብቱ በቀለም ይተረካሉ። ከአገር ስንወጣም ነገሩ ብቻውን አይደለም። በቡርኪና ፋሶ የቲየቤሌ ሴቶች በአፈር ቀለም የሚያጌጡት የንጉሥ ግቢ እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። በደቡብ አፍሪካ የንደበሌ ሴቶች በጦርነት ተሸንፈው ርስታቸውን ካጡና ከተበተኑ በኋላ በየእርሻው ቤታቸውን በቀለም መለየታቸው የማንነታቸው መጠበቂያ ሆነ። ከእነርሱ አንዷ አስቴር ማህላንጉ እ.ኤ.አ. በ1991 ያን የግድግዳ ንድፍ በቢኤምደብሊው መኪና ላይ አስፍራ በዓለም አሳወቀችው። የእኛ እመቤቶች በእጃቸው ሥራ ከእነዚህ አያንሱም። የቀረው የሚመዘግብላቸው ሰው ነው።

የሚቀጥለው መታጠፊያ አዲስ አበባ ናት። ከ1879 ዓ.ም. በኋላ ከተማዋ ስትሰፋ ከጎንደርና ከጎጃም የመጡ የቤተ ክርስቲያን ሠዓልያን የዓድዋን ድል፣ የንግሥተ ሳባን ታሪክ፣ አደንና ግብርን በሸማ ላይ እየሣሉ ለእንግዶችና ለመኳንንት መሸጥ ጀመሩ። በላቸው ይመርን የመሰሉ ሠዓልያን በስማቸው ታወቁ። የሥዕሉ ባለቤትነት ካሠሪው ወደ ሠሪው መሻገር የያዘው በዚህ ጊዜ ነው። ይኸው ሐረግ እስከ ቅርብ ጊዜ አልተቆረጠም፤ በጎጃም የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የተማሩት ቄስ አዳሙ ተስፋው ሥራዎች በካሊፎርኒያ በሎስ አንጀለስ ሙዚየም እስከ መታየት ደርሰዋል።

ከሥዕሉ ይልቅ ግን የተራውን ሰው ኑሮ የለወጠው በጣሳ የሚሸጠው ቀለም ነው። ቆርቆሮ ጣራ፣ የላሜራ በርና የዘይት ቀለም በ20ኛው መቶ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ከተሞች ዘለቁ። የሙያው ቃላት ጣሊያንኛ መሆናቸው መንገዱን ይናገራል፤ ቀለም ቀቢው ዛሬም በፔኔሎ ይቀባል፣ በአኳራጅ ያቀጥናል፣ ግድግዳውን በስቱኮና በጀሶ ያስተካክላል። ውጤቱ ከመልክ ለውጥ ያለፈ ነበር። አፈሩን ቆፍራ፣ ነፍታ፣ ለውሳ የምትቀባው ሴት ነበረች፤ ጣሳውን በገንዘብ ገዝቶ የሚቀባው ደግሞ ተከፋይ ወንድ ሆነ። የቤቱ መልክ ከእመቤቲቱ እጅ ወጥቶ ወደ ባለሙያው የገባው በዚህ ነው። በእኔ ግምት በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ለውጥ የለም፤ የተነገረለትም እጅግ ጥቂት ነው።

እመቤቲቱ ግን አልተወችውም። ቀለም መግዛት ያልቻለ ቤት ግድግዳው በጋዜጣና በመጽሔት ወረቀት ተለበጠ፤ ስንቱ ልጅ ከአዲስ ዘመን ጋዜጣ ላይ ፊደል የለቀመው መደብ ላይ ተኝቶ ነው። ሙሽራዋ አበባ የተሣለበት የቆርቆሮ ሳጥን ይዛ ወጣች። ረከቦቱ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ተቀባ። ስንደዶና አክርማው ከገበያ በተገዛ ቀለም ተነክሮ መሶቡ ከዱሮው የደመቀ ሆነ።

የደርግ ዘመን ለቅኝታችን የሚሰጠው አንድ ትልቅ ነገር ነው። የቀበሌውን ግድግዳ የሞላው መፈክር ከሥርዓቱ ጋር አልፏል። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ግን በየገጠሩ ስሙን መጻፍ የሚችል ሰው አበዛ። ከዚያ ወዲህ ስም ማኖር የደብተራውና የጸሐፊው ብቻ መሆኑ ቀረ። በሣጥኑ፣ በበሩ፣ በጋሪው ላይ ባለቤቱ ራሱ ስሙን በቀለም ያኖር ጀመር። በገነተ ማርያም የንጉሥ የነበረው ነገር የገበሬው ሆነ።

በትምህርት ቤት የተማሩት ሠዓልያን ደግሞ ከሌላ አቅጣጫ ወደ ዕቃውና ወደ ቤቱ ተመለሱ። አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. በከፈቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የሠለጠነው ትውልድ የሸራና የቅብ ትውልድ ነበር፤ ግን ሁሉም በሸራው አልተወሰነም። ዘሪሁን የትምጌታ በቀርከሃ ስንጥቆች ላይ እየሣለ፣ ከጠልሰም ጥቅልሎች መልክ እየተዋሰ፣ እ.ኤ.አ. በ1992 በዳካር ቢየናሌ አንደኛ ወጥቷል። ሜትር አርቲስት አፈወርቅ ተክሌ በ2004 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ የኖሩበትን ቪላ አልፋን ራሳቸው ነደፉት፤ የአክሱምንና የጎንደርን መልክ በአንድ መኖሪያ ቤት ውስጥ አሰባስበው ቤቱን የማንነታቸው መግለጫ አደረጉት። በ2011 ዓ.ም. መካኒሳ ላይ የተከፈተው የዞማ ሙዚየም ደግሞ ወደ ጭቃው ተመለሰ። መሥራቾቹ ኤልያስ ስሜና መስከረም አሰግድ ግድግዳዎቹን በጭቃና በጭድ አሠርተው በላያቸው ጉብጉብ ያለ ንድፍ አወጡባቸው፤ ይህም የጎታ ሠሪዋ እጅ የምታውቀው ሥራ ነው። በየገጠሩ ሲናቅ የነበረው ልስን በአዲስ አበባ የሙዚየም ክብር አገኘ።

አሁን ወደ ፎገራ እንመለስ። በ1970ዎቹ ከሰሜን ኮሪያ የመጡ ባለሙያዎች ሩዝን ካስተዋወቁ ወዲህ ሜዳው ተለውጧል። ቀድሞ ክረምት በጎርፍ የሚተኛው መሬት ገንዘብ ማስገኛ ሆነ፤ ወረታም የብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል መቀመጫ፣ የመፈልፈያ ድርጅቶችም ከተማ ሆነች። የሩዝ ገንዘብ መጀመሪያ የሚታየው በቤቱ ነው፤ ሣሩ ይነሣና ቆርቆሮ ይለብሳል፣ በሩ ላሜራ ይሆናል፣ ግድግዳው ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ይቀባል። በመንገዱ ላይ ደግሞ አዲሱ የሥዕል ገበታ ባጃጁ፣ አይሱዙውና ቅጥቅጡ ናቸው። ባለቤቱ የሚማፀንበትን ቅዱስ ሥዕል ከፊት፣ የሚደግፈውን የኳስ ክለብ ከጎን፣ ለምቀኛም ለወዳጅም የሚናገረውን ጥቅስ ከኋላ ያኖራል። አቀማመጡን አስተውሉ፤ ቅዱሱ ከላይ፣ የባለቤቱ ስም ከታች ነው። የናርጋ ሥላሴ ሥርዓት በሦስት ጎማ ላይ እየሄደ ነው። ይህን እንደ ርካሽ ጌጥ የሚያዩ ብዙዎች ናቸው፤ ተሳስተዋል። የዚህ አገር ሰው መማፀኑንና ማንነቱን በአንድ ገበታ ላይ ማኖር የለመደው ለዘመናት ነው፤ ባጃጅ ነጂውም የዚያ ወራሽ ነው።

የዘመናችን ስጋት ከሌላ በኩል ነው። የከተማው ታፔላ ጸሐፊ፣ ፀጉር አስተካካዩን ከነማበጠሪያው፣ ሥጋ ቤቱን ከነበሬው በእጁ የሚሥለው ሰው፣ በባነር ማተሚያ እየተተካ ነው። የባጃጁም ሥዕል ተለጣፊ እየሆነ መጥቷል፤ አንዱ የገዛውን ሌላውም ይገዛዋል። ልስኑም ከብሎኬት ጋር ፉክክር ገብቷል፤ ብሎኬት ቤት የገቡት ሴት ልጆች ከእናታቸው ሙያውን የሚወርሱበት ግድግዳ የላቸውም። የቤት ምቾት ይቅር የሚል ሰው አይኖርም፤ እኔም አልልም። ሙያው ሳይመዘገብ መጥፋቱ ግን ግድ ሊለን ይገባል።

ስለዚህ በደብረ ታቦርና በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች ታሪክ፣ ሥነ ሕንፃና ፎክሎር የምታስተምሩና የምትማሩ ሆይ፣ የሚቀጥለው የመመረቂያ ጥናታችሁ ከወረታ ብዙ አይራቅ። በመስከረም፣ ልስኑ ገና እርጥብ ሳለ፣ ወደ ቁሐር ሚካኤልና ወደ አጎራባች ቀበሌዎች ውረዱ። ከእናቶች ጋር ተቀምጣችሁ ቀዩ አፈር ከየት እንደሚመጣ፣ ከምን ጋር እንደሚለወስ፣ የጎታው ጌጥ ምን ተብሎ እንደሚጠራ፣ ከማን እንደተማሩት ጠይቁ። ፎቶግራፉን አንሡ፤ ከሁሉ በፊት ግን የሠሪዋን ስም፣ ፈቃዷን ጠይቃችሁ፣ ከሥራዋ በታች ጻፉት።